በሲጋራ ወረቀት ላይ

የሰው ክብር ከእስር ቤት በሕይወት ይወጣልን? ብለን ስንጠያየቅ ሰንብተናል።

በደርግ ዘመን ነቢይ መኮንን ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚቸልን ረጅም ልብ ወለድ ወደ አማርኛ መለሰው። የሚጽፍበት ስላልነበረው ከሲጋራ ፓኮ በሚወጣ ወረቀት ላይ ጻፈ፤ 3000 ያህል ቁራጭ ሞላ። የሚፈቱት እስረኞች በፓኮ ውስጥ ደብቀው ያወጡለት ነበር። በኋላም «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። እኛን ይበልጥ የሚገርመን፣ ገና ሲተረጎም ለታሳሪዎቹ መነበቡ ነው። ነገ መኖሩን የማያውቅ ሰው የታሪኩን ቀጣይ ለመስማት ነገን ይጠብቅ ነበር።

ሁሉ ጸና ማለታችን ግን አይደለም። ግርፋት ሰብሮት ወዳጁን አሳልፎ የሰጠም አለ። እርሱስ ክብሩን አጣ እንበልን? አንልም። እግዚአብሔር በመልኩ የፈጠረው ብርቱውን ብቻ አይደለምና።

ነገሩ እኛንም ይነካናል። እህል በምናድልበት ቦታ ሰውን በቁጥር እየጠራን ፀሐይ ላይ ያቆምንበት ጊዜ ነበር። አንዲት እናት «ስም አለኝ እኮ፣ ልጆቼ» አሉን። ከዚያ ወዲህ በስም እንጠራለን። ሥራው ይዘገያል፤ ይዘግይ።