ዛሬ አልገባም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ብፁዕ አባታችን፣ የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ ከመንዝ፣ ከጊሼና ከመርሐቤቴ ልጆቻችሁን ልታስመርቁ የመጣችሁ ወላጆች፣ ለክህነት አገልግሎት የተዘጋጃችሁ ውድ ምሩቃን፤ በመሐል ሜዳ ብርድ ሰው አቁሞ ረጅም ንግግር ማድረግ ኃጢአት ስለሆነ፣ የማነሣው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሁለት ፊት ስለሌለው አገልጋይ።

እዚህ አገር ስለ ግልጽነት መናገር ቀላል አይደለም። ዶናልድ ሌቪን የተባለ አሜሪካዊ የማኅበረሰብ አጥኚ መንዝን አጥንቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 መጽሐፉን «ሰምና ወርቅ» ብሎ አወጣ። ልባችንን በነገር ሸፍነን እንደምንናገር ታዘበን፤ አልተሳሳተም። ቅኔ ቤት ለዋለ ሰው ኅብር መናገር ሙያ ነው። ነገር አዋቂ በበዛበት መንደርም ጋሻ ነው። ችግሩ የሚመጣው ሙያው ከቅኔ ማኅሌት ወጥቶ ኑሯችን ውስጥ ሲገባ ነው፤ የካህኑ ላዩ ሰም ሆኖ፣ ውስጡ ሲፈተሽ ወርቁ ሲጠፋ።

አቡነ ጴጥሮስን ታስታውሳላችሁ። በ1921 ዓ.ም. ከተሾሙት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ናቸው፤ ሀገረ ስብከታቸውም መንዝና ወሎ ነበር። ስለዚህ የእኛው አባት ናቸው ብል ማንም አይከራከረኝም። ጣሊያን ይዟቸው አርበኞችን እንዲያወግዙ ሲጠየቁ፣ ግብጻዊው ሊቀ ጳጳስ አቡነ ቄርሎስ ለጣሊያን ገብተዋል፣ እርስዎን ምን ያግድዎታል ተባሉ። አሁን እንግዲህ ሰምና ወርቁ እዚህ ጋ ይመጣል። በአፋቸው ገብቻለሁ ብለው በልባቸው አልገባሁም ማለት ይችሉ ነበር። ሕዝቡም ነገሩ ይገባው ነበር፤ ወርቅ ፈልጎ ማውጣት ያውቅበታላ! እሳቸው ግን ለራሳቸው ሌላ ልብ አላስቀሩም፤ በልባቸው ያለውን በአደባባይ ተናገሩ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ፣ ሕዝብ እያየ፣ በጥይት ተደበደቡ።

እንዲህ ያሉ አባቶች ከዚያ በፊትም ነበሩ። ለመርሐቤቴ ልጆች ከጀማ ማዶ ባለው በደብረ ሊባኖስ የነበሩት አባ ፊልጶስ፣ ዐፄ ዓምደ ጽዮን ሕግ የማይፈቅደውን ጋብቻ ቢፈጽሙ ፊት ለፊት ገሠጹ። ለስደት ተዳረጉ፤ በስደት እንዳሉም ዐረፉ። ንጉሥን መገሠጽ የሚያኮራ ታሪክ ነው። ግን ከእናንተ አብዛኞቻችሁን ንጉሥ አይገጥማችሁም፤ የሚገጥማችሁ የእሑድ ሌሊት ነው።

እስኪ እዚያ እንግባ። ትንሽ የገጠር ደብር ናት። ቅዳሴ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት ይፈልጋል፤ አጥቢያው ያሉት አገልጋዮች ደግሞ ልክ አምስት ናቸው። ደወሉ ተደወለ። አንደኛው ቄስ ትናንት ከወንድሙ ጋር በድንበር ተጣልቶ ክፉ ተነጋግሯል፤ ወይም ሰው ያላየው ሌላ ነገር አለበት። እሱ ከቀረ ቅዳሴ ይታጎላል። ቅዳሴ ከታጎለ ወሬው ከሰኞ ገበያ ቀድሞ ይደርሳል፤ ሚስቱ እንኳ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች። ቢገባ ግን ማን ያውቅበታል? ልብሰ ተክህኖው ከትከሻ እስከ እግር ይሸፍናል፤ ድምፁም ያማረ ነው። ሁለት ፊት የሚበቅለው በዚህች ሰዓት ነው፤ መጀመሪያ ላይ ክፋት አይመስልም፣ ለሕዝቡ ማዘን ነው የሚመስለው። «ቅዳሴ እንዳይታጎል ብዬ ነው» ይላል። በሚቀጥለው እሑድ ይቀልለዋል። ሦስተኛው ላይ ጨርሶ አይታሰበውም።

ያ ቄስ ደጀ ሰላም ቆሞ «ዛሬ አልገባም» ቢል፣ በእኔ ዓይን ከብዙ ስብከት ይበልጣል። ምክንያቱን መናገር የለበትም። ግልጽነት ገመናን በዐውደ ምሕረት መዘርገፍ አይደለም፤ በአሁኑ ጊዜ ስልክ ከፍቶ በቀጥታ ስርጭት ኃጢአቱን የሚተርክ ሰው አይቻለሁ፤ ያም ሌላ ዓይነት ልብሰ ተክህኖ ነው። ምክንያቱ የሚነገረው ለንስሐ አባት ነው። እናንተ ነገ የብዙ ቤት ንስሐ አባት ትሆናላችሁ፤ የእናንተስ ማነው? ስሙን እወቁት፣ ደጁንም አዘውትሩ። ቅዳሴው ራሱ ይህን ያስተምራል፤ ዋናው ካህን ወደ ረዳቱ ዞሮ በጸሎትህ አስበኝ ይለዋል። ሕዝብ ፊት፣ መሠዊያው አጠገብ ቆሞ፣ ብቻዬን አልችልም ማለቱ ነው።

ግልጽነት ለገንዘብም ያስፈልጋል፤ በዚህ ላይ ግን ብዙ አልልም። ቅዱስ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1965 ዓ.ም. የሰበካ አስተዳደር ደንቡን ቃለ ዓዋዲን ሲያወጡ ምእመናንና ወጣቶች ከካህናቱ ጋር በሰበካ ጉባኤ እንዲቀመጡ ያደረጉት ያለ ነገር አይደለም። ሙዳየ ምጽዋት ሲከፈት ብዙ ዓይን ይኑር፤ የተጨማደደችው አሥር ብር ሳትቀር ጠረጴዛ ላይ ትቆጠር። «አባ ታማኝ ናቸው፣ ቁጥር አያስፈልግም» የሚል ሰው ቢመጣ፣ አባ ራሳቸው «የለም፣ ይቆጠር» ይበሉ። ታማኝ ሰው መቆጠር አይከፋውም።

አሁን ከምሩቃኑ ዞር ብዬ ለእናንተ ለወላጆችና ለምእመናን አንድ አደራ አለኝ። ይህ ሁሉ በካህን ብቻ አይሆንም። ልጃችሁ ቄስ ሆኖ አንድ ቀን «ዛሬ አልገባም» ቢላችሁ፣ ለምን ብላችሁ አትጠይቁት። ጎረቤት ቢጠይቃችሁም አላውቅም በሉ። ሁልጊዜ ለምን የሚባል ካህን ዝም ብሎ መግባትን ይለምዳል፤ ያስለመድነውም እኛው እንሆናለን።

የጊሼ ራቤልና የዓለም ከተማ ልጆች መንገዳችሁ ሩቅ ነው፤ አባታችንም በትዕግሥት እየጠበቁ ነው። እንግዲህ ኑና የምስክር ወረቀታችሁን ተቀበሉ።