ወይ ሩጫ ወይ ትምህርት?
(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



ብዙዎቻችን ልጆቻችንን «ወይ ሩጫ ወይ ትምህርት» እንላቸዋለን። እስቲ እዚሁ ኦስሎ ቢስሌት ስታዲየም የታየውን እናንሳ (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ1978 እዚያ 3000 ሜትርን በ7 ደቂቃ ከ32.1 ሴኮንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን የሰበረው ኬንያዊ ሄንሪ ሮኖ፣ በአሜሪካ የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር።

የእኛው ያሬድ ንጉሤ ደግሞ አለ። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ኬንታኪ ውስጥ የተወለደ ነው። በኖተርዳም ዩኒቨርሲቲ ባዮኬሚስትሪ ሲያጠና በ2019 የአሜሪካ ኮሌጆች የ1500 ሜትር ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2021 በ3 ደቂቃ ከ34.68 ሴኮንድ የኮሌጆቹን ክብረ ወሰን ሰበረ። ሐሳቡ የጥርስ ሐኪም መሆን ነበር። በ2023 ቢስሌት ላይ ያኮብ ኢንገብሪግትሰን ሲያሸንፍ ያሬድ 3ኛ ወጣ፤ ሆኖም በ3 ደቂቃ ከ29.02 ሴኮንድ የአሜሪካን ክብረ ወሰን አሻሻለ። (ለማን እናጨብጭብ ነበር!)

ወላጆች ሆይ፣ ልምምድና ፈተና ሲጋጩ አሠልጣኙንና አስተማሪውን አነጋግሩ እንጂ የልጁን ጫማ አትደብቁ።