ሣቅና ትምህርት
(ስለ ቻርሊ ቻፕሊን ሕይወት ለመምህራን የተደረገ ንግግር)




በዚህ ጉባኤ ስለ አንድ የሲኒማ ቀልደኛ እናገራለሁ ብል፥ «ይህ ለመምህራን ማኅበር ምን ይረባዋል?» የሚለኝ አይጠፋም ይሆናል። ነገር ግን የእንግሊዛዊው ተዋናይ የቻርሊ ቻፕሊን ሕይወት ለእኛ ለመምህራን የሚነግረን ቁም ነገር ስላለው፥ ጥቂት እንድትታገሡኝ እለምናለሁ። ዘመኑን የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ቻፕሊን በ1889 ተወለደ፤ ያደገውም በሎንዶን ከተማ፥ ከቴምዝ ወንዝ በስተደቡብ በሚገኝ የድኆች ሠፈር ነው። አባቱም እናቱም በመዝናኛ አዳራሾች የሚዘፍኑ ነበሩ። አባቱ ከቤተ ሰቡ ተለይቶ ይኖር ነበርና፥ መጠጥ ጎድቶት በ1901 ሞተ። እናቱ ሐና ድምፅዋ ስለ ተበላሸ በልብስ ስፌት ልጆችዋን ለማሳደግ ደከመች፤ በኋላም የአእምሮ ሕመም ደጋግሞ ያዛት። ቻርሊ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ ከወንድሙ ከሲድኒ ጋር ወደ ድኆች መጦሪያ ገባ፤ ከዚያም ሃንዌል ወደሚገኘው የድኆች ልጆች ትምህርት ቤት ተላከ። በዚያ ባልሠራው ጥፋት እንደ ተገረፈ በ1964 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ገልጿል።

ኋላ በገባበት ትምህርት ቤትም ትምህርቱ አልጣመውም፤ ታሪኩ የዘመን ቁጥር፥ ሒሳቡም መደመርና መቀነስ ብቻ ሆነበት። እናቱ ግን ከአንድ ጋዜጣ መሸጫ መስኮት ላይ የገለበጠችውን፥ ስለ አንዲት ድመት የሚናገር አስቂኝ ጽሑፍ አስጠንታው ነበር። ይህንኑ በዕረፍት ሰዓት ለጓደኛው ሲያነበንብለት መምህሩ ሰማው። መምህሩ አልተቈጣም፤ ተማሪዎቹ በተሰበሰቡ ጊዜ በፊታቸው ቁሞ እንዲደግመው አደረገው እንጂ። ክፍሉ ሣቅ በሣቅ ሆነ። በማግሥቱም ልጁ ወደ ወንዶቹም ወደ ሴቶቹም ክፍል ሁሉ እየተወሰደ አሰማ። ማንም ከቁም ነገር ሳይቈጥረው የኖረው ዓይን አፋር ልጅ ከዚያ ቀን ጀምሮ ትምህርት ቤቱን ወደደ፤ ትምህርቱም ተሻሻለ።

ይሁን እንጂ ብዙም ሳይቈይ ከአንድ የልጆች የጭፈራ ቡድን ጋር ገብቶ ከከተማ ከተማ መዞር ጀመረ። በ1903 በአንድ ቴአትር ውስጥ የልጅ ክፍል ባገኘ ጊዜ ማንበቡ ገና ደካማ ስለ ነበረ፥ ቃሉን እያነበበ ያስጠናው ወንድሙ ሲድኒ ነው። በ1908 ከፍሬድ ካርኖ የቀልድ ቡድን ገባ፤ ከዚያም ጋር በ1910 ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በ1914 ሰፊ ሱሪ፥ ጠባብ ኮት፥ ትልቅ ጫማ፥ ትንሽ ባርኔጣና ከዘራ ያለው ምስኪን ሰው ሆኖ በሲኒማ ታየ፤ ያም ምስኪን ያለ ንግግር በዓለም ሁሉ ታወቀ።

የሠራው ሣቅ ከልጅነቱ ሐዘን የተቀዳ ነው። በ1921 በወጣው «ልጁ» በተባለው ፊልም የማሳደጊያ ሠራተኞች ሕፃኑን ከአሳዳጊው ነጥቀው ሲወስዱት የሚያይ ሰው፥ ሃንዌልን ያስታውሳል። በ1940 «ታላቁ አምባገነን» በተባለው ፊልም በሒትለር ላይ ተሣለቀ። በ1952 በፖለቲካ አቋሙ ተጠርጥሮ ወደ አሜሪካ እንዳይመለስ ፈቃዱ ስለ ተሰረዘ፥ በስዊስ አገር ተቀመጠ። አሜሪካኖች በ1972 ጠርተው አከበሩት፤ የእንግሊዝ ንግሥትም በ1975 የ«ሰር» ማዕርግ ሰጡት። በታኅሣሥ 25 ቀን 1977 ዐረፈ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ክፍላችን ገበያ ይሁን ማለቴ አይደለም፤ ሥርዓት ያስፈልጋል። ዳሩ ግን እኔ ማስተማር በጀመርሁበት ዓመት፥ አረማመዴን እየመሰለ ጓደኞቹን ያሣቀ አንድ ልጅ ከክፍል አስወጥቼ ነበር። ቅጣቱ ደንቡን የተከተለ ነው። ነገር ግን ያ ልጅ ከዚያ ወዲያ ሳይጠየቅ ቃል አልተነፈሰም። ዛሬ ዕጩ መምህራንን ሳሠለጥን ያ ዝምታው ትዝ ይለኛል።

የሎንዶኑ መምህር ያወጣው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ያን ልጅ ቻፕሊን ያደረገው እርሱ ነው አልልም፤ ትምህርት ቤትን የሚወድበትን አንድ ምክንያት ግን ሰጥቶታል። እኛም ቢያንስ ይህን ያህል ልንሰጥ እንችላለን።