ሰይፍና ትግል በመጽሐፍ ገጽ ላይ
(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል፣ ሴንት ሉዊስ ፓርክ የተደረገ ንግግር)



የተሰጠን ርእስ ለበዓል የማይስማማ ይመስል ይሆናል፤ ከአምስት መቶ ዓመት ገደማ በፊት በአውሮፓ ስለታተሙ የሰይፍና የትግል ሥዕሎች ነው። ምግቡ እስኪቀርብ ታገሡን።

እ.ኤ.አ. በ1539 በጀርመን አገር፣ በዊተንበርግ ከተማ አንድ የትግል መጽሐፍ ታተመ። ባለቤቱ ፋቢያን ፎን አወርስዋልድ ይባላል። 85 ዓይነት አያያዝና አጣጣል ከነሥዕሉ ይገኝበታል፤ ሥዕሎቹም ከስመ ጥሩው ሠዓሊ ከሉካስ ክራናኽ የሥራ ቤት እንደወጡ ይነገራል። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ሠዓሊው በእንጨት ላይ ይነድፋል፣ ጠራቢው መስመሩን ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ይፍቃል፣ ከዚያ ቀለም ተቀብቶ በወረቀት ላይ ይታተማል። እኛን ከሁሉ ይልቅ የገረመን ግን ታጋዩ ራሱ ነው። አወርስዋልድ ሥራውን ሲያዘጋጅ ዕድሜው ወደ ሰባ አምስት ይጠጋ ነበር። በሥዕሎቹም ላይ ጢማሙ ሽማግሌ ዘመናይ ልብስ የለበሰ ወጣት ወገቡን ይዞ፣ እግሩን ጠልፎ ሲጥል ይታያል።

ስለ ሰይፍም ካሚሎ አግሪፓ የተባለ መሐንዲስ በ1553 ሮም ላይ መጽሐፍ አሳትሟል። አራቱን ዋና አቋቋሞች በፊደል ለይቶ አሣላቸው፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ ብሎም ጠራቸው። የዛሬው የሻሞላ ስፖርት እነዚህን ስሞች አሁንም ይጠቀምባቸዋል። የተረሳውን የድሮ ፍልሚያ ከእነዚህ ሥዕሎች እያዩ መልሰው የሚለማመዱ ሰዎች ዛሬ በአውሮፓም በአሜሪካም አሉ።

በዚያው ዘመን የእኛም ትግል ወደ ማተሚያ ቤት ደርሶ ነበር። በ1520 አገራችን የገቡት የፖርቱጋል መልእክተኞች በዐፄ ልብነ ድንግል ሰፈር ሳሉ ከንጉሡ ሰዎች ጋር ትግል ገጥመዋል። ከመካከላቸው ላዛሮ ደ አንድራዴ የሚባል ሠዓሊ ነበረና እግሩ ተሰበረ! ይህን የጻፈልን ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ሲሆን፣ መጽሐፉ ሊዝበን ላይ የታተመው በ1540፣ ከአወርስዋልድ አንድ ዓመት ብቻ ዘግይቶ ነው። አልቫሬዝ ማን እንደተጎዳ ነገረን እንጂ አጣጣሉን በሥዕል አላሳየንም። ሊሥለው ይችል የነበረው ሰው ራሱ ተጥሏል። (የተሰበረው እግሩ እንጂ እጁ አይደለም የምትሉ አትጠፉም።)

ወደ ራሳችን እንመለስ። ከእኛ መካከል ከብት ጠብቆ ያደገ ሁሉ ትግል የተማረው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሜዳ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በበረዶው ወራት፣ ከትምህርት ቤት የሬስሊንግ ልምምድ የተመለሱ ልጆቻችን በአዳራሹ ምንጣፍ ላይ ሲታገሉ አንድ አባታችን ከወንበራቸው ተነሡ። «እንዲህ አይደለም፣ እግርህን አግባ!» ብለው አንዱን ጎረምሳ ያዙት። ልጁ እንዴት እንደወደቀ ሳያውቀው ጀርባው ምንጣፉን ነካ። «አባባ፣ ይድገሙልን» ቢሏቸው ጉልበታቸውን እያሹ ተቀመጡ። እኛም ሳቅን፣ ቡናችንን ጠጣን፣ ወደየቤታችን ሄድን። ፎቶግራፍ ያነሣ አልነበረም።

እኒያ አባት ዛሬ በመካከላችን የሉም፤ ነፍሳቸውን ይማር። ልጆቹ ያንን አጣጣል ሊደግሙት ሲሞክሩ አንዱ «ቀኝ እግር ነው» ይላል፣ ሌላው «ግራ ነው» ይላል።

ስለዚህ ማኅበራችን በሚቀጥሉት እሑዶች ካሜራ ይዞ ይጠብቃችኋል። ትግል፣ ገና ወይም ጉግስ የተጫወታችሁ ሁሉ ስማችሁን በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አስመዝግቡ። የየመንደራችሁ አጠራርም ይጻፍ፤ የጎጃሙ ከሸዋው ቢለይ ሁለቱም ይቀመጣል። ጉልበቴን ያመኛል የምትሉ ተቀምጣችሁ ንገሩን፤ የሚወድቁት ልጆቹ ናቸው።