ያልተቈጠረ ሰው አይታሰብም



እረኛ ማታ ከብቱን ወደ በረት ሲያስገባ ይቈጥራል። ሳይቈጥር የሚያስገባ እረኛ ግን አንዲቱ በገደል እንደ ቀረች አያውቅም፤ ስላላወቀም ሊፈልጋት አይወጣም። የሰውም ነገር እንዲሁ ነው፤ በመዝገብ ላልተጻፈ ሕፃን ወንበርም መጽሐፍም አይታሰብለትም።

በኢትዮጵያ በ1999 ዓመተ ምሕረት በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ አካል ጕዳተኞች ተብለው የተጻፉት ከመቶ ሰው 1 ያህል ብቻ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ግን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2022 ባወጣው ጽሑፍ፥ በዓለም ከ6 ሰዎች አንዱ ከባድ ጕዳት እንዳለበት አስታውቋል። የአገራችን ሕዝብ አብዛኛው ወጣት መኾኑ ልዩነቱን ጥቂት ቢያጠበው እንኳ፥ የአጠያየቅም ነገር አለበት። «በዚህ ቤት አካለ ጐደሎ አለን?» የተባለ አባት የሰውን አፍ ፈርቶ «የለም» ይላልና።

ስለዚህ በተባበሩት መንግሥታት ሥር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2001 የተቋቋመው የዋሽንግተን ቡድን የሚባለው የሊቃውንት ጉባኤ 6 ጥያቄዎች አዘጋጀ። እነዚህም ማየት፥ መስማት፥ መራመድ፥ ማስታወስ፥ ራስን መርዳትና ከሰው መግባባት ያስቸግር እንደ ኾነ የሚጠይቁ ናቸው። መልሱ 4 ዐይነት ነው፤ አያስቸግረኝም፥ ጥቂት ያስቸግረኛል፥ እጅግ ያስቸግረኛል፥ ከቶ አልችልም። በጥያቄው ውስጥ ጕዳተኛ የሚል ስም ስለሌለ መላሹ አያፍርም። ለሕፃናትም ከዩኒሴፍ ጋር ኾነው ለብቻው ጥያቄ አዘጋጅተዋል።

ይህ ለመንደር ትምህርት ቤት ምን ይጠቅማል ቢባል፥ በሰሌዳ የተጻፈው የማይታየው ልጅ ብዙ ጊዜ ሰነፍ ተብሎ ይቀጣል፤ መምህሩ ጠይቆ ቢረዳ ግን ከፊት ወንበር ያስቀምጠዋል። ደግሞ ከመንደሩ ልጆች ስንቱ እንደሚማር፥ እጅግ ከሚቸገሩትም ስንቱ እንደሚማር ለይቶ ጽፎ ሁለቱን ቍጥር ቢያስተያይ፥ ማን በቤት እንደ ተደበቀ ይገለጣል። የብሬል መጽሐፍና የምልክት ቋንቋ መምህር ለመጠየቅም ማስረጃ ይኾነዋል።

ኢትዮጵያ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2010 የተቀበለችው የአካል ጕዳተኞች መብት ስምምነት በ31ኛው አንቀጽ መንግሥታት እንዲህ ያለውን ቍጥር እንዲሰበስቡ፥ የሰውንም ምስጢር እንዲጠብቁ ያዛል። ስለዚህ መዝገቡ የሐሜት መነሻ እንዳይኾን መምህሩ ሊጠነቀቅ ይገባዋል።

ቍጥር በመዝገብ ተዘግቶ ቢቀር በጐተራ እንደ ነቀዘ ዘር ነው። የተቈጠረው ልጅ ከጓደኞቹ ጋር በአንድ ወንበር ሲቀመጥ ያን ጊዜ ፍሬ አፈራ ይባላል።