የሐይቁን በር የሚያዝዘው ማን ነው? ስለ ኢንዱስትሪ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌሮች የደኅንነት ክፍተት



ንግግሬን የምጀምረው ከዚህ አዳራሽ ብዙም ከማይርቅ ስፍራ ነው። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ቦታ የጨረጨራ ግድብ አለ። በመጀመሪያ በሁለት በሮች ሥራ ጀመረ፤ በ1993 ዓ.ም. አምስት ተጨምረውለት ሰባት ሆኑ። ከዚያ የሚለቀቀው ውኃ ወደ ጢስ ዓባይ ማመንጫዎች ይወርዳል። ከሐይቁ በስተ ምዕራብ ደግሞ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ጣቢያ የሐይቁን ውኃ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ወስዶ፣ በአራት ተርባይኖች 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። የእነዚህ ጣቢያዎች የውስጥ አደረጃጀት የዛሬ ርእሴ አይደለም፤ በአደባባይ ሊዘረዘርም አይገባም። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ውኃን የሚያዝዝ ሶፍትዌር ቢሳሳት ወይም ቢታለል፣ እንዴት እናውቃለን?

ጥያቄው የመጻሕፍት ብቻ እንዳልሆነ ይህች ከተማ ታውቃለች። በ1995 ዓ.ም. የዝናቡ ማነስና ለኃይል ማመንጫ የተለቀቀው ውኃ ተደማምረው የጣና ከፍታ እጅግ ዝቅ አለ። መርከቦች መጓዝ ተሳናቸው፤ ኑሯቸው በሐይቁ ላይ የተመሠረተ ሰዎችም ተጎዱ። በዚያ ጉዳት ውስጥ የሳይበር ጥቃት እጅ አልነበረበትም። ሆኖም የአንድ በር አከፋፈት እስከ ማን ጓዳ ድረስ እንደሚዘልቅ አሳይቶናል።

አሁን አንድ ቀላል ስሌት እንሥራ። የጣና ስፋት በግርድፉ 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ አንድ ሳንቲ ሜትር የከፍታ ለውጥ 30 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ነው። የከፍታ መለኪያው በ10 ሳንቲ ሜትር አብልጦ ቢያነብ፣ 300 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ በመዝገብ ላይ አለ፤ በሐይቁ ውስጥ ግን የለም። አጥቂ የግድ በር መክፈት አያስፈልገውም። ለሚከፍተው ሰው የሐሰት ቁጥር ማሳየት ይበቃዋል።

ይህ እንዴት ይቻላል? በማመንጫ ጣቢያ፣ በውኃ ማጣሪያ ወይም በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ፒኤልሲ የምንለው ትንሽ ኮምፒዩተር አለ። ከሴንሰር ያነባል፣ የተጻፈለትን ፕሮግራም ያሰላል፣ ለሞተሩ ወይም ለበሩ ትእዛዝ ይሰጣል፤ ይህንንም በሴኮንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይደጋግማል። ችግሩ የሚጀምረው ከሚናገርበት ቋንቋ ነው። በስፋት ከሚሠራባቸው አንዱ ሞድባስ እ.ኤ.አ. በ1979 ሲነደፍ መሣሪያዎቹ በአንድ ግቢ ውስጥ በሽቦ የተያያዙ ነበሩ። ስለዚህ «ዝጋ» የሚል መልእክት ሲደርሰው የላኪውን ማንነት አይጠይቅም። ያ ሽቦ ዛሬ ከቢሮ ኔትወርክ፣ ከዚያም አልፎ ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኝ፣ የጥንቱ መተማመን ክፍተት ሆኖ ይገኛል።

«ታዲያ ማሻሻያ ለምን አይጫንም?» ትሉኝ ይሆናል። የቢሮ ኮምፒዩተር ተዘግቶ ቢከፈት ጉዳቱ አሥር ደቂቃ ነው። ተርባይን ግን በየሳምንቱ አይቆምም። ከዚህም በላይ ማሽኑ ሠላሳ ዓመት ሲያገለግል፣ ሶፍትዌሩን የጻፈው ድርጅት ከዚያ በፊት ድጋፉን ሊያቋርጥ ይችላል። እንግዲህ ሁልጊዜ ክፍተት ካለበት ሶፍትዌር ጋር እየኖርን መጠበቅን መማር አለብን።

ሦስት ታሪኮች ይህን ያስረዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 የተጋለጠው ስተክስኔት በኢራን ናታንዝ የዩራኒየም ማበልጸጊያ ማሽኖችን ሲያበላሽ፣ ለኦፕሬተሮቹ ግን ቀድሞ የቀዳውን ጤናማ ንባብ መልሶ ያሳያቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ሰርጎ ገቦች በኒው ዮርክ ግዛት በምትገኘው ትንሿ የቦውማን ግድብ መቆጣጠሪያ ውስጥ ገቡ። በሩን ማንቀሳቀስ ያልቻሉት ለጥገና ተብሎ ከሥርዓቱ ተነቅሎ ስለነበረ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 በዩክሬን 225,000 ያህል ደንበኞች መብራት ሲቋረጥባቸው፣ ሠራተኞች ወደየማከፋፈያ ጣቢያው ሄደው ብሬከሮቹን በእጃቸው እየመለሱ በሰዓታት ውስጥ ኃይሉን አስቀጠሉ። በመጀመሪያው ታሪክ የጎደለው ከሶፍትዌሩ ውጭ የሆነ ምስክር ነው፤ ሁለተኛውን ያዳነው አጋጣሚ ነው፤ ሦስተኛውን ያዳነው ሥራውን የሚያውቅ እጅ ነው።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. የታላቁ ሕዳሴ ግድብ የመጀመሪያ ሙሌት ሲቃረብ፣ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ መነሻቸው ግብፅ ከሆነ ቡድኖች የተሰነዘረ የሳይበር ጥቃት ማክሸፉን አስታውቋል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም ቁልፍ መሠረተ ልማትን ዒላማ ያደረገ ድርጊትን በከባድ ቅጣት ያስቀጣል። ሕግ ግን የሚደርሰው ከጥፋቱ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን፣ ቀድሞ መሠራት ያለበት በእኛ በመሐንዲሶቹ እጅ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሙን የማልጠቅሰውን አንድ ፋብሪካ ለመጎብኘት ሄጄ ነበር። የፒኤልሲውን ፕሮግራም መጠባበቂያ ቅጂ እንዲያሳዩኝ ጠየቅሁ። ቅጂው ሥራ በለቀቀ መሐንዲስ ላፕቶፕ ውስጥ ብቻ ነበር። ከካቢኔው ጥግ ደግሞ መብራቱ ብልጭ የሚል አንድ ሞደም ነበር፤ ማሽኑን የሸጠው ድርጅት በዋስትናው ዘመን ከውጭ አገር ሆኖ የሚገባበት መንገድ ነው። ዋስትናው ካበቃ ቆይቷል። አንጋፋው ቴክኒሺያን፣ «ዶክተር፣ ይህን ሣጥን ነክተነው አናውቅም፤ እስካሁንም አላስቸገረንም» አሉኝ። እኚህ ሰው ግዴለሽ አልነበሩም። የተርባይንን ሕመም በድምፁ የሚለዩ ባለሙያ ናቸው። ያ ሣጥን በር መሆኑን የነገራቸው ሰው ግን አልነበረም። እኔም ያን ቀን ራሴን ወቀስሁ፤ እስከዚያ ድረስ ለተማሪዎቼ ፒኤልሲ ማዘዝን እንጂ መጠበቅን አላስተማርሁም ነበርና።

ስለዚህ ለተግባር ልምምድ ስትወጡ አራት ነገሮችን እንድትሠሩ አደራ እላችኋለሁ።

አንደኛ፣ ያለውን መዝግቡ። የትኛው መቆጣጠሪያ፣ የትኛው የሶፍትዌር ስሪት፣ ከማን ጋር የተገናኘ? ያላወቅነውን መጠበቅ አንችልም።

ሁለተኛ፣ ለያዩ። የቢሮውና የማሽኑ ኔትወርክ አንድ አይሁኑ። ከርቀት የሚገባ ጠጋኝ ሲፈቀድለት ብቻ ይግባ፤ ሲጨርስ ይዘጋ። የፋብሪካ የይለፍ ቃልም ይቀየር፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በፔንሲልቬንያ የአሊኩዊፓ የውኃ አገልግሎት ሲጠቃ፣ የዚያ ዓይነቱ መሣሪያ ከፋብሪካ ይዞት የሚወጣው የይለፍ ቃል 1111 ነበር።

ሦስተኛ፣ የፕሮግራሙን ትክክለኛ ቅጂ ከኔትወርክ ውጭ አስቀምጡ፤ በየጊዜው ማሽኑ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። ፒኤልሲው ቁልፍ ካለው በሥራ ቦታው ላይ ይቆለፍ። ይህ አንድ ብር አያስወጣም።

አራተኛ፣ ሶፍትዌሩ የማይደርስበት ምስክር ይኑራችሁ። ከዲጂታሉ መለኪያ ጎን ሰው በዓይኑ የሚያነበው ባለ ምልክት ዘንግ ይቁም፤ ሁለቱ ንባቦች በየቀኑ ይነጻጸሩ። በእጅ መሥራትንም በዓመት አንድ ጊዜ ተለማመዱ።

ይህን ስል ወደ ኋላ እንመለስ ማለቴ አይደለም። የኃይል መረባችንን 50 ኸርትዝ በእጅ ጠብቆ ማቆየት አይቻልም፤ ኮምፒዩተሩ ያስፈልገናል። የምለው፣ የምንታዘዘው ቁጥር እውነት መሆኑን የምንጠይቅበት ሌላ መንገድ ይኑረን ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ በዓባይ ድልድይ ስትሻገሩ ውኃውን ተመልከቱ። ያን ያህል ውኃ እንዲወርድ ያዘዘ አንድ ንባብ አለ። ያን ንባብ ከእናንተ መካከል አንዱ ወይም አንዷ ነገ ትጠብቁታላችሁ።