ከድንበር ወዲህና ወዲያ፦ አራት ቀን በቢስክሌት

(ከጉዞው የተመለሱት አባሎች በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ያሰሙት ንግግር)



ባለፈው ሐምሌ ወር ከማኅበሩ ሣጥን 600 ዩሮ ተረድተን፣ የቀረውን ከኪሳችን አውጥተን፣ ስድስት ሆነን በቢስክሌት ወደ ተራራ መሄዳችንን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ገንዘቡ ሲፈቀድ አንዳንድ እናቶችና አባቶች «ለችግር ጊዜ የተጠራቀመ ብር ለቢስክሌት ጨዋታ ይወጣል ወይ?» ብለው መጠየቃቸውንም አልረሳንም። ጥያቄው ተገቢ ነበር። ስለዚህ ዛሬ እዚህ የቆምነው ተራራው እንዴት እንደሚያምር ለማውራት ብቻ ሳይሆን፣ የወጣው ገንዘብ ምን እንደሠራና እኛም የቱ ላይ እንዳጠፋን በግልጽ ለመናገር ነው።

የሄድንበት ተራራ ከዚሁ ከኬምኒትስ በስተደቡብ ያለው ነው። ጀርመኖቹ ኤርትስጌቢርገ፣ ቼኮቹ ክሩሽኔ ሆሪ ይሉታል፤ የጀርመኑ ስም የማዕድን ተራራ ማለት ነው። ርዝመቱ ወደ 150 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ የጀርመንና የቼክ ድንበር በላዩ ላይ ያልፋል። ከሁሉ የሚበልጠው ጫፍ ክሊኖቬትስ 1,244 ሜትር ሆኖ በቼክ በኩል ነው፤ ፊሽተልበርግ ደግሞ 1,215 ሜትር ሆኖ በጀርመን በኩል ነው። «ይኼም ተራራ ሆኖ!» የሚል የሸዋ ሰው እንደማይጠፋ እናውቃለን፤ ደብረ ብርሃን እንኳ ከዚህ በእጥፍ በላይ ከፍ ትላለችና። ነገር ግን ቢስክሌተኛን የሚገድለው የጫፉ ከፍታ ሳይሆን ወጥቶ መውረድ፣ ወርዶም እንደገና መውጣት ነው። እዚያው ተራራ ላይ ስቶንማን ሚሪክዊዲ የሚባል፣ ከ2014 ጀምሮ የተከፈተ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምንቆጥረው) የተራራ ቢስክሌት ዙር አለ። ዙሩ 162 ኪሎ ሜትር፣ ዳገቱ ሲደመር 4,400 ሜትር፣ የሚረገጡት ጫፎች ዘጠኝ ናቸው። በአንድ ቀን የጨረሰ የወርቅ፣ በሁለት ቀን የብር፣ በሦስት ቀን የነሐስ ማዕረግ ያገኛል። እኛ ከዚሁ መንገድ ከፊሉን ብቻ፣ ያውም በአራት ቀን ነው የሄድነው። ለእኛ የሚሰጥ ማዕረግ ቢኖር የሸክላ ይሆን ነበር።

ከስድስታችን አንደኛው ጋሼ ነበሩ። ስሜን አትጥሩ ስላሉን አንጠራም፤ ማን እንደሆኑ ግን ሳቃችሁ ይናገራል። ጋሼ በ1980ዎቹ ለትምህርት ሲመጡ ይህች ከተማ ገና ካርል ማርክስ ሽታት ትባል ነበር፤ የዛሬ ስሟ የተመለሰላት በ1990 ነው። ዕድሜያቸው ስለገፋ ባለ ባትሪ ቢስክሌት ተከራየንላቸው። በዕድሜ የመጨረሻው ደግሞ የጥገኝነት ጉዳዩ ውሳኔ ያላገኘው የ22 ዓመት ታናሽ ወንድማችን ነው። የብዙዎቻችሁን ልጆች ቢስክሌት በነፃ የሚጠግነው እሱ ነው። ከመካከላችን ካቴና ሲበጠስ ዓይኑን ጨፍኖ የሚቀጥል እሱ ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ቀን በባቡር እስከ አናበርግ ሄደን መሪያችንን አገኘን። ጀርመናዊ ነው፣ ትዕግሥተኛ ሰው። ከመነሣታችን በፊት በአንድ ሜዳ ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ አለማመደን። ቁልቁለት ላይ ሁለቱን ፔዳል እኩል አድርጋችሁ ቁሙ፣ ኮርቻው ላይ አትቀመጡ፤ ፍሬን ከኩርባው በፊት ያዙ፣ ኩርባው ውስጥ ልቀቁ፤ ዓይናችሁ የሚሄደው ልትሄዱበት ወደፈለጋችሁት እንጂ ወደምትፈሩት ድንጋይ አይሁን። ይኼ የመጨረሻው ምክር እውነት ነው፤ ከአስፋልት ውጪ ነድታ የማታውቀው እኅታችን ድንጋዩን አይታ አይታ ቀጥታ ሄዳ ወጣችበት። ጉልበቷ ተላጠ፣ ሌላ ጉዳት የለም። ፖልበርግን ወጥተን፣ ኮረኮንቹንና የጫካውን ቀጭን መንገድ ተከትለን፣ ማታ ባረንሽታይን የምትባል የድንበር ከተማ ገባን።

ጥፋታችን የታወቀው እዚያ፣ እራት ላይ ነው። መሪያችን «ነገ ቼክ ነን፤ ፓስፖርታችሁን ቦርሳችሁ ውስጥ አድርጉ» አለን። ወንድማችን ማንኪያውን አስቀመጠ።

እንዴት አላሰባችሁም ትሉናላችሁ። አስበን ነበር፤ በተሳሳተ መንገድ። ቼክ በታኅሣሥ 2007 የሼንገን ክልል ከገባች ወዲህ በድንበሩ ላይ ጠባቂ የለም ሲባል ሰምተናል፤ ጫካው መሀል ደግሞ ድንበሩ አንድ ነጭ ድንጋይ ብቻ ነው። ነገር ግን ከጥቅምት 2023 ጀምሮ ጀርመን በዚህ ድንበር ላይ ቁጥጥር መልሳለች። ቁጥጥሩ ባይኖርስ? የወንድማችን ወረቀት ጀርመን ውስጥ እንዲቆይ የሚፈቅድ እንጂ ወጥቶ እንዲመለስ የሚያደርግ አይደለም። ለአንድ ቀን ሽርሽር ብሎ የዓመታት ጉዳዩን ሊያበላሽ ይችል ነበር። የጉዞ አዘጋጆቹ ቅጽ የራስ ቁራችንን ልክና የማንበላውን ምግብ ጠይቋል፤ ስለ ወረቀት አልጠየቀም። ቢሆንም ጥፋቱን በቅጹ ላይ አንጥልም። ፈረንጅ ላይጠይቅ ይችላል፤ እኛ ግን የአንድ ሠፈር ልጆች ነን፣ የእርስ በርስ ኑሯችንን እናውቃለን።

«እናንተ ሂዱ፣ እኔ በጠዋት ባቡር እመለሳለሁ» አለ። ዝም አልን። በኋላ ጋሼ «አንተ ልጅ፣ እኔ ብቻዬን በዚህ ባትሪ ምን ልሆን ነው? አብረን በዚህ በኩል እንሄዳለን» አሉት።

«ጋሼ፣ እርስዎ የከፈሉበት ነው እኮ!»

«ወዲያ ማዶውን አንተ ሳትወለድ አይቼዋለሁ። በቃ፣ አለቀ።»

በማግሥቱ ጠዋት ፖልባህ የሚባለው ወንዝ ዳር ተለያየን። ወንዝ ማለት ስሙ ነው፣ ልጅ የሚዘለው ውኃ ነው፤ ከወዲያ ቬይፕርቲ የሚባለው የቼክ ከተማ ነው፣ ከወዲህ ባረንሽታይን። አራታችን ከመሪያችን ጋር ተሻገርን። ወንድማችን ከወዲህ ማዶ ቆሞ የኋላ ጎማዎቻችንን ነፋስ በዓይኑ መዘነና «የእኅቴ ጎማ ንፋስ ይጎድለዋል፣ ሙሉላት!» ብሎ ጮኸ። እውነቱን ነበር።

በዚያ ቀን ያየነው ብዙ ነው፤ ሁለቱን ብቻ እንናገር። አንደኛው ኬኒግስሚውለ የሚባል የፈረሰ መንደር ነው። ጣሪያ የሌላቸው የድንጋይ ግድግዳዎች በሣር መሀል ቆመዋል፣ በአንዱ ቤት ውስጥ ዛፍ በቅሏል። ነዋሪዎቹ ጀርመንኛ ተናጋሪዎች ነበሩ፤ ከ1945 ወዲህ፣ ጦርነቱ ካለቀ በኋላ፣ ከዚያ አገር ከተባረሩት መካከል ናቸው። እኅታችን አንዱን ደፍ በእጇ ዳሰሰችና «ምድጃው እዚህ ነበር» አለች። ማን ነገራት? ማንም። ጢሱ ግድግዳውን አጥቁሮት አይታ ነው። ከመካከላችን ቤቱን ጥሎ ያልወጣ ስለሌለ፣ እዚያ ከተመደበልን ጊዜ በላይ ቆየን፤ መሪያችንም ሰዓቱን አላየብንም።

ሁለተኛው ያደርንበት ያሂሞቭ ነው። ክሊኖቬትስን በብዙ ላብ ወጥተን፣ ፍሬናችን እስኪሸት ወርደን የገባንበት ሸለቆ ነው። ከተማው የብር ማዕድን ተገኝቶ በ1516 የተቆረቆረ ሲሆን በጀርመንኛ ስሙ ዮአኪምስታል፣ የዮአኪም ሸለቆ ነው። ከ1520 ጀምሮ እዚያ የተመታው ትልቅ የብር ገንዘብ በቦታው ስም ዮአኪምስታለር ተባለ፤ ሲያጥር ታለር ሆነ፤ ዶላር የሚለው ስም ከዚሁ ወጣ። አያቶቻችን ጠገራ ብር ይሉት የነበረው፣ የ1780 ዓመተ ምሕረት የታተመበት ማርትሬዛም ታለር ነው። ማሪያ ቴሬዛም የዚያ አገር፣ የቦሔሚያ፣ ንግሥት ነበረች። በጎንደርም በሐረርም በሬ የተሸጠበት ገንዘብ ስሙን ያገኘው ከዚህ ሸለቆ ነው፣ በሠፈራችን ማዶ! ማሪ ኪዩሪም በ1898 ራዲየምን ያገኘችው ከዚሁ ከተማ በመጣ ማዕድን ውስጥ ነው። ኋላ፣ በ1950ዎቹ ዓመታት፣ የፖለቲካ እስረኞች ዩራኒየም እንዲቆፍሩ የተደረጉትም እዚያው ነው። ማታ መንገዱ ጭር ያለ ነው፤ ሁላችንም ብዙ ሳናወራ ተኛን።

በሦስተኛው ቀን በቦዢ ዳር በኩል ወደ ጀርመን ስንመለስ፣ ኦበርቪዘንታል ከመግባታችን በፊት ሁለት ፖሊሶች አስቆሙን። በትሕትና ነው የጠየቁን፣ ይኼን መካድ አይገባም። የአራታችንን ወረቀት አዩ፣ በሬዲዮ ጠየቁ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆምን። የመሪያችንን አልጠየቁም፤ እሱ ራሱ አፍሮ መታወቂያውን አውጥቶ ሰጣቸው። አራታችንም የምናስበው ስለ አንድ ሰው ነበር።

ያ ሰው ደግሞ ደስ ብሎት ነው የጠበቀን። ጋሼ በሁለተኛው ቀን ባትሪያቸው ስላለቀ ክራንትሳል ላይ በእንፋሎት የሚሄደው ትንሹ ባቡር ውስጥ ገብተው ነበር። ከ1897 ጀምሮ እስከ ኦበርቪዘንታል የሚመላለስ ባቡር ነው። ወንድማችን ከባቡሩ ጎን ጎን ነድቶ፣ በየጣቢያው ቀድሞ እየደረሰ እጁን እያውለበለበ ተቀበላቸው። በማግሥቱ ፊሽተልበርግ ላይ ጋሼ ስለ ጫካው ነገሩት። በእሳቸው የተማሪነት ዘመን ከድንጋይ ከሰል የሚወጣው ጢስ በዚያ ጀርባ ላይ ያለውን ጥድ አድርቆት፣ ተራራው በአጥንት የተሞላ ይመስል ነበር። አሁን አረንጓዴ ነው። ልጁ አላመናቸውም። ከያሂሞቭ የታለር ሥዕል ያለበት ፖስት ካርድ አምጥተንለት ነበር፤ አየውና «ይኼ የአያቴ የአንገቷ ጌጥ ነው፣ ንግሥቲቱ ብቻ ጎደለች» አለ። በአራተኛው ቀን ስድስታችንም አንድ ላይ ወርደን ወደ አናበርግ ተመለስን።

አሁን ወደ ሒሳቡ። 600ው ዩሮ በሙሉ ለቢስክሌት ኪራይ ውሏል፣ ደረሰኙ ከገንዘብ ያዡ ዘንድ ነው። ጋሼና ወንድማችን ሳያድሩበት የተከፈለው የቼክ ማደሪያ 110 ዩሮ አልተመለሰም። ይኼን አራታችን ከፍለናቸዋል፣ ከሣጥኑ አንጠይቅም። ለመጪው ዓመት የምናቀርበው ሐሳብ፣ ማኅበሩ የሚረዳው ማንኛውም ጉዞ ከመከፈሉ በፊት የእያንዳንዱ ተጓዥ ወረቀት የት ድረስ እንደሚያስኬድ እንዲጠየቅ፤ ከተጓዦቹም አንዱ እንኳ መሻገር ካልቻለ መንገዱ በሙሉ በሳክሶኒ በኩል እንዲሆን ነው። ሻይበንበርግ የሚባለውን፣ ድንጋዩ እንደ ኦርጋን ቧንቧ የቆመበትን ተራራ ገና አልወጣነውም፣ እሱም በዚሁ በኩል ነው። በሐሳቡ ላይ ድምፅ የሚሰጠው ከሻይ በኋላ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወንድማችን በግቢው ውስጥ ካላማዳሪ መለጠፍና ፍሬን ማስተካከል ያስተምራል። ቢስክሌታችሁን ይዛችሁ ኑ፤ የተላጠ ጉልበት ያላት እኅታችን ተመዝጋቢዎችን ትቀበላለች።